የአጋጣሚ ጠበቃ

አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አንብቦ የዓለምን ምስጢር የጨረሰ ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። ለልደታ የደረሷት ክቡር ጓድ ሸዋዓለም ነበሩ፤ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ።

ክበቡ የሚሰበሰበው እሁድ ጠዋት፣ ልክ የልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲገባ ነው። ሰዓቱ እንዴት እንዲህ ገጠመ ሲባሉ «አጋጣሚ ነው!» ይላሉ። የጨረቃ ዙረት፣ የሜዳ አህያ መስመር፣ ሁሉም አጋጣሚ ነው። ከራሳቸው ሹመት በቀር፤ እሱ «የታሪክ ግዴታ» ነው።

«ጓድ፣» አሉ አንድ እሁድ እትዬ ጠጅቱ፣ «ጠጅ ስጥል ሠላሳ ዓመቴ ነው። የማር እንጀራ ላይ አንድ የተንጋደደ ቀዳዳ አላየሁም። ለንቧ ለክቶ የሰጣት የለም?»

«ቁስ አካል ነው እትዬ! ራሱን በራሱ፣ በአጋጣሚ!»

«እንግዲያው ይኼ የቀበሌው በር አልገጥም ካለ ሦስት ወሩ። በአጋጣሚ እስኪገጥም እንጠብቀው?»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ነጋ ግን «ማብራሪያ ተሰጥቶበት ታልፏል» ብሎ ጻፈ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ መመሪያውን ያውቃል። መልስ ያላገኘ ጥያቄ የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ሰብሳቢውን ወደ ላይ ያስጠራል፤ በዚያ ዘመን የተጠራ ሁሉ ደግሞ አይመለስም።

በዚያው ክረምት የነጋ ሚስት ሙሉመቤት የተሰጣ ልብስ ልታነሣ ወጥታ የጎረቤት የጭቃ አጥር ተደረመሰባትና ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ «እሱ ያለ ምክንያት አይወስድም» አለው። ምክንያቱን የነገረው ግን አልነበረም። አርባዋ በወጣ ማግስት፣ እሁድ፣ ነጋ ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ የሙሉመቤትስ? አጋጣሚ ነው?»

ጓድ ሸዋዓለም መጽሐፏን ገለጡ፤ መልሰው ዘጓት። 

«አላውቅም፣ ወንድሜ።»

«ምን ብዬ ልያዘው?»

«መልስ አልተገኘም በል።»

«ኧረ ያስጠራዎታል!»

«ጻፈው አልኩህ እኮ!»

ነጋ ጻፈው። ከቀብሯ ወዲህ ስለ ሙሉመቤት የሰማው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ነጋ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ገና ያልተጠሩት ጓድ ሸዋዓለም ዝሆን ኩምቢውን በአጋጣሚ እንዴት እንዳገኘ ሲያብራሩ ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። ነጋ ዞሮ ገላመጠው።