ባለ አንድ ዓይኗ እውነት

እኔ ነገር አልረሳም። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ ውኃው እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ቄሱን ስንቴ እንዳስነጠሳቸው ሁሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ጠበቅ አድርጊና ስሚኝ፤ «አያቴ ጨምራ ነው» ብሎ ነገር የለም። እቀንስ እንደሆነ እንጂ አልጨምርም።

ሰው የሚታመነው በዓይኑ ነው። የደብራችንን ግድግዳ አይተሽ የለ? ጻድቁ ሁሉ ፊት ለፊት ተስሎ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ሰቃዩና ከሀዲው ግን በጎኑ ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሠዓሊው ቀለም አልቆበት መሰለሽ? እኔ ገበያም ወጥቼ፣ በጎኑ ቆሞ ከሚያናግረኝ ሰው በግ አልገዛም።

እንግዲህ ጎረቤታችን አያ ደምሴ የወሰኑን ድንጋይ ገፍቶ ከገብስ ማሳዬ ሦስት ትልም በላብኝ አይደል? ከሰስኩት። ዛሬ ቀጠሯችን ነበር፤ ባላጋራ ብንሆንም መኪናው አንድ ነውና ተጋፍተን ተቀምጠን መሐል ሜዳ ከተማ ሄድን።

ፍርድ ቤቱ ያለበት ቤት የጥንት የድንጋይ ቤት ነው። ቀና ስል ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ተቀርጸዋል። አንደኛዋ ዓይኗን በጨርቅ ታስራ ሚዛን ይዛለች። ሚዛኑን አውቀዋለሁ፣ ነፍስ የሚመዘንበት የቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ማን እንዳዋሳት እንጃ። ሁለተኛዋ መስታወት ይዛ በጎኗ ቆማለች። አንድ ዓይን።

ዘበኛውን ጠርቼ እነማን ናቸው አልኩት።

«የታሰረችው ፍትሕ ናት እማማ፤ ለሰው እንዳታዳላ ነው። ያቺ ደግሞ እውነት ናት።»

«እውነት በአንድ ዓይን?»

«እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበረች» አለኝ ምስኪን።

አስቢው እስቲ። ሁለቱ ተደማምረው ያላቸው አንድ ዓይን ነው፤ የኔን ሦስት ትልም በምን ሊያዩት ነው? አያ ደምሴ ቀድሞ አባብሏቸው ይሆናል ብዬ ዘወር ስል፣ እሱ ለካ ባናውን ተከናንቦ ባሕር ዛፉ ኋላ ተሸሽጓል። ያው የአንድ ደብር ልጆች አይደለን፤ እሱም አይቷታል።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ በዚህች ሴት ሥር አላልፍም» አለኝ።

ስማችን ተጠራ። ከሳሽ አንቺ ነሽ ቅደሚ ይለኛል፤ ተከሳሽ አንተ ነህ ግባ እለዋለሁ። እንዲህ ስንገባበዝ ጥሪው አለፈና ዘበኛው ወጥቶ፣ ሁለታችሁም ስለቀራችሁ መዝገቡ ተዘግቷል አለን።

በመልሱ መኪና ውስጥ አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ድንጋዩን ገፍቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን አምና አንቺ የገፋሽውን ነው የመለስኩት።»

ልጄ፣ አምና ድንጋዩ በዝናብ ተንሸራቶ ነበር። እኔ ረዳሁት እንጂ አልገፋሁትም።

ብቻ ተስማማን። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች መጥተው ድንጋዩን ቦታው ላይ ይተክሉታል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ተማማልን። ከዚያ አያ ደምሴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደክሞኛል፣ ዛሬ በጊዜ ነው የምተኛው።» ማን ጠየቀው? የሚተኛ ሰው መተኛቱን ያውጃል?

ይኸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነው የማወራሽ። እሱም በወዲያ በኩል ብቅ ብሏል፤ ነፋስ ልቀበል ነው ይላል፣ በዚህ ውርጭ። በይ አሁን ዝጊውና እንቅልፍ እንዳይጥለኝ እኩለ ሌሊት ላይ መልሰሽ ደውዪልኝ። ካሸለብኩ ሦስት ትልሜ ሄደ፤ እሱ ካሸለበ ደግሞ፣ እስቲ እናያለን።