ፈንታና የማሟሟቂያው ጣጣ

ሰው ለመኪና የሚያዝነውን ያህል ለገዛ ጉልበቱ ቢያዝን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። የሰቆጣ የማለዳ ብርድ ይታወቃል። የአይሱዙው ሹፌር ሞተሩን እስኪያሞቅ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጭሱን እየዋጠ፣ ትንፍሽ ሳይል ይጠብቃል። ያንኑ ተሳፋሪ ማልያ አልብሳችሁ «ከጨዋታ በፊት ሰውነትህን አሟሙቅ» በሉትማ! የሰደባችሁት ይመስለዋል።

በዘጠናዎቹ ዓመታት ሰቆጣ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ማታ ማታ የከተማውን የኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ፤ መለመን ማሠልጠን ከተባለ ማለቴ ነው። አጥቂያችን ፈንታ ከሰቆጣ ቁልቁል ያለው የፃግብጂ ቆላ ልጅ ነው፤ ሲሮጥ ለማየት ገበያ ይፈታል። እግርህን ሳብ፣ ወገብህን አዙር ስለው ግን ይስቅብኛል።

«መምህር፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ እኮ ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ ምን ልሟሟቅ?»

ተመልካቹም አያግዘኝም። ልጆቹን አሰልፌ ወገብ ሳስዞር «ኳሱ ቀርቶ እስክስታ ሆነ እንዴ?» እያለ ያሽካካል።

አንድ ቀን ለግጥሚያ ወደ አበርገሌዋ ከተማ ኒሯቅ ወረድን። ለዞኑ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ፈንታን ሊያዩ መጥተዋል። እኛ ያን የአበርገሌ መንገድ በጭነት መኪና ላይ እንደ ጆንያ ተደራርበን፣ ጉልበታችንን አጥፈን ነው የመጣነው። «ትንሽ እንኳን ይሟሟቁ» ብዬ ዳኛውን ለመንኩ። ዳኛው እሺ አለ። እምቢ ያለው ፈንታ ነው።

«እነዚህ ሰዎች እኔን ብለው መጥተው ወገቤን ሳሽከረክር ይዩኝ?» ብሎ መሐል ሜዳ ገብቶ ቆመ። ሌሎቹም ተከተሉት።

የመጀመሪያዋ ኳስ ተላከችለት። ተፈተለከ። መራጮቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ወዲያው ከኋላው በድንጋይ እንደተመታ ሰው ጭኑን ይዞ ወደቀ።

ተሸክመን ስናወጣው ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። ስድቡን ትቼ ከተመልካቹ ከለልኩት።

የባሰው ከተመለስን በኋላ መጣ። የእርሻ ወቅት ደርሶ ልጃቸው የሚያነክስባቸው አባቱ፣ አቶ ሀብቱ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ነግሬው ነበር፤ እርስዎም ይጠይቁት...»

«ዝም በል! እግሩን ሳብ፣ ወገቡን አዙር ስትለው የከረምከው አንተ አይደለህም? ስትጎትተው ስትጎትተው በጠስክብኝ!»

ልጆቹን ይዤ ሄድኩና የአቶ ሀብቱን ማሳ እየተፈራረቅን አረስን። ያለ ማሟሟቂያ መሆኑን መናገር አለብኝ?

ፈንታ ለዞኑ ሳይመረጥ ቀረ። ጭኑ ግን በዓመቱ ዳነ፤ ዳነና አመነ። ምን ዓይነት እምነት! ለቀጣዩ ግጥሚያ ማሟሟቁን እኔ ልምራ አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሜዳውን አስዞራቸው፣ አስዘለላቸው፣ ዳገት አስወጣቸው። «ይበቃል» ስለው «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ያሉት አይደል?» ይለኛል። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቼ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመዋል። ተጋጣሚዎቻችን በመሐላቸው እየተንሸራሸሩ ጎል በጎል አደረጉን።

ሲያልቅ ፈንታ ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«አዩ መምህር? አንድም ሰው አልተጎዳም!»

እውነቱን ነው። ለመጎዳት እኮ መሮጥ ያስፈልጋል።