ዜና ሚክያስ፣ ለታንጎ ጫማ የመረጠበት

ጽኑዕ በሁለት እግሩ፣ መምህረ ፊዚክስ ሚክያስ በተወለደ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ የታንጎ ዳንስ ወደ ሆሳዕና በገባ በሦስተኛው ወር፣ በኅዳር ሁለተኛው ረቡዕ እንዲህ ሆነ።

ሚክያስ ታንጎ በሚሰጥበት በሠርግ አዳራሹ ልቡ ከወደዳት ከነርስ ሮዳስ ጋር ይደንስ ነበር፤ ነገር ግን የጫማው ጎማ ሶል ወለሉን እንደ ማስቲካ እየያዘ፣ እግሩ ሲዞር ጫማው እየቀረ፣ የሮዳስን አውራ ጣት አራት ጊዜ ረገጠ። ጫማው አርባ ሦስት ቁጥር ነበርና። እናቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ከልጅነቱ ጀምሮ የጫማውን ጫፍ በጣታቸው ተጭነው የማደጊያ ቦታ ካላገኙ አይገዙለትም ነበር፤ ይህም ሥርዓት ልጁ ዲግሪ ከጫነ በኋላ እንኳ አልተሻረም፤ ትርፉ ቦታም በጥጥ ይሞላ ነበር።

ስለዚህ ሮዳስ በአዳራሹ በር ቆማ አወጀች፦ «በዚህ ጫማ አጠገቤ እንዳትደርስ። ቅዳሜ ደህና ጫማ ካላደረግህ አብሮን ከሚማረው ከኤሊያስ ጋር ነው የምደንሰው፤ እሱ እንኳ እግሩ የት እንዳለ ያውቃል።» የታንጎ መምህርት ጵርስቅላም ሕገ ጫማን ደነገገች፤ ጣት የማይጨምቅ፣ ተረከዝ የማይለቅ፣ ሶሉ ቀጭን ቆዳ፣ የሚያዞር እንጂ የሚጥል ያልሆነ ይሁን ብላ።

በማግስቱ ሚክያስ ወደ ገበያ ዘመተ። ብቻውን አልሄደም፤ በዚያ አገር ጫማ ያለ ምስክር አይገዛምና። በቀኙ እውነተኛ ቆዳን በማሽተት የሚለየው ማቴዎስ፣ በግራው ባለ ላይተሩ ዕንባቆም፣ በኋላው ለሕክምና ከሆመቾ መጥቶ ሐኪሙን የረሳው አጎቱ ሽብሩ፣ በፊቱም ማንም ሳይጠራቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ።

በባለ ሱቁ በአሕመዲን ቤት ዐሥራ አንድ ጫማዎች በሕገ ጫማ ተፈትነው ወደቁ። አንዱ በሴራሚኩ ላይ ሚክያስን አንሸራትቶ ከካርቶን ክምር ውስጥ ጣለው፤ ሌላውን ሽብሩ ልሞክረው ብሎ ሁለት ሰዎች ጎትተው አወለቁለት፤ ዕንባቆምም ቆዳነቱን ለማረጋገጥ ላይተር ሲለኩስ፣ አሕመዲን ያልተገዛ ጫማ ማቃጠል ክልክል መሆኑን በታላቅ ድምፅ አስታወቀ። ዐሥራ ሁለተኛው ግን ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ባለ ቆዳ ሶል፣ አርባ አንድ ቁጥር ነበር። ሚክያስ ሦስት ጊዜ ዞረበት፤ ተረከዙም ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ወይዘሮ እልፍነሽ ተንበርክከው ጫፉን ቢጫኑ የልጃቸውን ጣት አገኙ። አወጁም፦ «ይኼ ምን ማደጊያ አለው? አሕመዲን፣ አርባ ሦስቱን አምጣ።» አሕመዲን እናትና ልጁን አይቶ ወደ መጋዘኑ ገባ፤ ነገሩ እስኪያልቅም አልተመለሰም። ጭፍሮቹም ሁሉ ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ።

ሚክያስም በሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ቤተሰብ ያልተሰማውን ቃል ተናገረ፦ «እማዬ፣ እግሬ ማደግ አቁሟል። ልኬ አርባ አንድ ነው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ እንደ ተንበረከኩ ቀና ብለው ብዙ ተመለከቱት። «መቼ ነው ያቆመው?» አሉ በቀስታ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ መሆኑን ነገራቸው። ማሰሪያውንም በገዛ እጃቸው አሰሩለት፤ እንዳይፈታም ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

ቅዳሜም ሆነ። ኤሊያስ ሊተካ ተዘጋጅቶ ከግድግዳው ሥር ቆመ፤ እንደ ቆመም አመሸ። ሚክያስ ሲዞር እግርና ጫማው አብረው ደረሱ፤ አንዲት ጣት እንኳ አልተረገጠችም። ሦስት ወር ሙሉ ወለሉን እያየች በፍርሃት የደነሰችው ሮዳስ በሁለተኛው ዘፈን ቀና አለች፤ በሦስተኛው ዐይኖቿን ጨፈነች።

ዝናው ከሀቢቾ እስከ አዲሎ ይሰማ፤ ከሻጭ ያልሸሸ፣ በሴራሚክ ላይ ወድቆ የተነሣ፣ በእናቱ ፊት ልኩን የተናገረ፣ ዐይኗን የጨፈነችውንም ያለ ጉዳት እስከ ዘፈኑ ፍጻሜ ያደረሰ፣ ሚክያስ ኃያል ነው።