አራሷ ማኒፎልድ

(ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ። የፊታችን እሑድ የልደቱ እናት የእማማ ወለተ ሥላሴ ተዝካር ነው። ሊጡ ነገ ካልተቦካ አይደርስም፤ እህሉ ግን እንደታሰረ ጆንያው ውስጥ ነው። የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ የሚያስወጣው ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ወፍጮው ቆሟል። ልደቱ፣ ሞተር ሲፈጠር እዚያው ነበርኩ የሚል ሰው ነው፤ ጠዋት ጄኔሬተር ተውሶ ራሱ በይዶታል። ድረስ የአክስቱ ልጅ ነው፤ ስሜን ተራራ ላይ ወዳለው ጨነቅ በበቅሎ ዕቃ ይጭናል፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል።)

ልደቱ፦ በሩን ዝጋ!

ድረስ፦ የከሰሉ ጭስስ?

ልደቱ፦ ጭሱ ይቆይ! ዝጋ አልኩህ!

ድረስ፦ እኔም እዚሁ ታፍኜ ልቅር?

ልደቱ፦ አንተ ብትታፈን ተዝካሩ አይቀርም። እሷን ብርድ ካገኛት ግን ይቀራል።

ድረስ፦ (ዙሪያውን እያየ) እሷ ማን ናት?

ልደቱ፦ በርሜሉ አመድ ውስጥ ያለችው! ማኒፎልዷ!

ድረስ፦ በርሜሉ ውስጥማ...

ልደቱ፦ ዝም ብለህ ስማ! ጊዛ ናት እኮ፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት። ለማያውቅ ሰው ብረት ሁሉ ብረት ነው። ላሜራ ብትሆን እንደ በሬ ትችለዋለች። ጊዛን ግን ገላዋ እንደጋለ የስሜን ውርጭ ከነካት፣ በየድኳት ብለህ ዞር ሳትል፣ ጧ!

ድረስ፦ እንዲህ የምታዝንላት ከሆነ ጠዋት ለምን በሳሃት?

ልደቱ፦ ምን?

ድረስ፦ አይቼሃለሁ። ተሰነጠቀች ብለህ ስታማርር ቆይተህ፣ ከስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ሌላ ቀዳዳ ጨመርህላት።

ልደቱ፦ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ነዋ! ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ድረስ፦ ማን ነገረው?

ልደቱ፦ ማንን?

ድረስ፦ ስንጥቁን።

ልደቱ፦ ኧረ የማርያም ያለህ!

ድረስ፦ እሺ እሱስ ይሁን። በይደህ ስታበቃ በመዶሻ መደብደብህ ምን ባጠፋች ነው?

ልደቱ፦ ቀስ አድርጌ ነው የመታኋት! ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በትኩሱ ካላፍታታኸው ጎትቶ መልሶ ይሰነጥቃታል።

ድረስ፦ በቅሎም እንደዚያው ናት። ጭነቱን ስታወርድላት ጀርባዋን ካላሸህላት...

ልደቱ፦ በቅሎ አይደለችም! አራስ ናት አላልኩህም? እሳት አይታለች፣ አምጣለች፣ ደክማለች። ነፋስ አይንካት፣ ሰው አይድረስባት፣ አመዷን ለብሳ እስከ ነገ ጠዋት ትተኛ። አሁንስ ገባህ?

ድረስ፦ (ፊቱ ፈካ ብሎ) እሱንማ በጠዋቱ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ዛሬ ከነገርኸኝ ሁሉ የገባኝ እሱ ብቻ ነው።

ልደቱ፦ (እያሸተተ) የተቃጠለ ጨርቅ አይሸትህም?

ድረስ፦ አራስ ያለበት ቤት ምን ሽታ ይጠፋዋል! ግን ልደቱ፣ እህሉን ለምን ደባርቅ ወስደን አናስፈጨውም? በቅሎዎቼ እንደሆኑ ቆመዋል።

ልደቱ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እናቴ ይህን ወፍጮ ካስተከለች ወዲህ በሰው ወፍጮ አስፈጭታ አታውቅም። በተዝካሯ ልጀምርላት?

(ልደቱ ከኮቱ ኪስ በሃይላንድ የተቀዳ ነገር ያወጣል።)

ድረስ፦ ምንድን ነው?

ልደቱ፦ ጸበል። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው የሰጡኝ። ረጨት ላድርግላት።

ድረስ፦ ቀዝቃዛ ነው?

ልደቱ፦ የስሜን ጸበል ሞቆ ያውቃል?

ድረስ፦ አራስ ናት አላልህም? አራስ ሳትነሣ ክርስትና የት አገር ነው? ደግሞ እዚያ በርሜል ላይስ ባትረጭ...

ልደቱ፦ ጊዛ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ጸበል ይጠግናል እንጂ ይሰብራል?

(በስመ አብ ብሎ ይረጫል፤ ልቡ አላርፍ ብሎት ግማሹን ያንደቀድቀዋል። በርሜሉ ቱሽሽ ይላል። ከአመዱ ሥር፦ ጧ!)

ልደቱ፦ (ጆንያው ላይ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል) አለቀልኝ!

ድረስ፦ ሰበርሃት።

ልደቱ፦ ሰበርኋት። ጸበሉ ምን አደረገ፣ ደደቡ እኔ ነኝ! እናቴ “እጅህ ደግ ነበር፣ ምላስህ እየቀደመው ነው እንጂ” ትለኝ ነበር።

ድረስ፦ አይዞህ፣ አሮጌ ናት። ድሮም አፏ ተሸርፏል።

ልደቱ፦ የቱ ጋ? እኔ መቼ አየሁት!

ድረስ፦ ለመንገድ ግን እንደሷ የምትመች የለችም። እንግዲህ ምሳችንን በምን ልንቀቅል ነው?

ልደቱ፦ በማኒፎልድ ነው ምሳ የሚቀቀለው?!

(ተስፈንጥሮ አመዱን በአካፋ ይገልጣል። ለሁለት የተከፈለ ምንቸትና የባቄላ ንፍሮ ይወጣል።)

ልደቱ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ድረስ፦ ንፍሮ። ፍሙን ከደፋህበት አመዱ ግሏል፤ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ነው።

ልደቱ፦ ባዶውን?! ማኒፎልዷስ?

ድረስ፦ አራስ በርሜል ውስጥ ትተኛለች እንዴ? ጠዋት “ቅበራት” ብለህ ከነጉጠቱ ሰጥተኸኝ ዞር አልህ። እዚህ ነፋሱ አላስቀምጥ ሲል ጊዜ በውስጥ በር ይዣት ገባሁ። እማማ ወለተ ሥላሴ ምድጃ ላይ፣ እሳቱ ባደረበት አመድ ቀብሬ ጋቢ ደርቤላታለሁ።

(ልደቱ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል።)

ልደቱ፦ የማንን ጋቢ?

ድረስ፦ ያንተን። የእኔማ ይቃጠላል ብዬ ፈራሁ።

(ልደቱ ወደ ውስጥ በር ይሮጣል። ድረስ በሩ ላይ ይቆምበታል።)

ድረስ፦ ወዴት? አራስ ቤት ወንድ አይገባም።

ልደቱ፦ አንተስ ወንድ አይደለህ?

ድረስ፦ እኔ አዋላጇ ነኝ።

(በማግስቱ ጠዋት። ማኒፎልዷ ቦታዋ ላይ ታስራለች፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ በስንጥቁ በኩል ጭስ ዝር አይልም። የእማማ ወለተ ሥላሴ ጤፍ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ልደቱ ትከሻው ላይ የነደደ ጋቢ ለብሶ ዱቄቱን በመዳፉ ይቀበላል።)

ልደቱ፦ (ከሞተሩ በላይ እየጮኸ) አየህ? ጊዛ የሚያውቅ ሰው ሲበይድ እንዲህ ነው!

ድረስ፦ (የምንቸቱን ስብርባሪ እያቀረበለት) እንግዲያው ይቺንም በይድልኝ። ቀዳዳውን እኔ እበሳለሁ። ጸበሉን ግን ደብቄዋለሁ።