ለቁልፎች ስም የምታወጣው ልጄ

እኛ ሰፈር፣ አቃቂ በሰቃ፣ ሰው ከጤናችሁ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ የልጃችሁን ሥራ ነው። ልጁ ሐኪም የሆነችለት አባት ዕድለኛ ነው፤ «ሐኪም ናት» ብሎ ዝም ይላል፣ ጠያቂውም ስለ ጉልበቱ ሕመም ጥቂት አማክሮ መንገዱን ይቀጥላል። ባንክ የገባችለትም እንደዚያው። የእኔ መከራ ሌላ ነው። ልጄ መቅደስ ሳሪስ ባለ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች ስል፣ ጠያቂዬ ወዲያው የተሰነጠቀ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። «ስልክ አትጠግንም» እላለሁ። «ታዲያ ምንድን ነው የምትሠራው?» ይለኛል ቅር ብሎት። እናንተም መጠየቃችሁ ስለማይቀር፣ ጊዜ ካላችሁ ልንገራችሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቃሊቲ ባለ አንድ የሚስማር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የሚስማር ፋብሪካ ለጆሮ አይራራም፤ እኔም የጆሮዬን ግማሽ እዚያው ትቼ ነው የወጣሁት። በዚያ ሁሉ ኳኳታ መሀል ግን አንድ የሚጣፍጥ ድምፅ ነበረን፦ የስልክ ኦፕሬተራችን አስካለ። አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም። ደዋዩ ገና «ሃሎ» ሲል በስሙ ጠርታ ሰላም ትለዋለች፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ይኑር አይኑር ከኮቴው ታውቃለች። ቀጥታ ቁጥር ያለው ሰው እንኳ በእሷ በኩል ማለፍ ይመርጥ ነበር።

እኔ ከወጣሁ በኋላ የድሮው የስልክ ማገናኛ አረጀና ፋብሪካው በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም አዘዘ። ከማን ያዘዘ ይመስላችኋል? ከልጄ መሥሪያ ቤት! ይህን የሰማሁ ዕለት ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ደረቴ የተነፈሰው እራት ላይ ነው፤ መቅደስ ፊቷን አጥቁራ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለ ድሮም ኮምፒውተር ትጠቀማለች። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አላት፤ አንድ ጆሮዋን ለእሱ፣ ሌላውን ለደዋዩ ሰጥታ ትሠራለች። አዲሱን ፕሮግራም ለሙከራ ሲከፍቱላት ግን ያ አንባቢ «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ አለ። ቁልፍ ነው ማለቱ ነው፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ አያውቅም። ስልክ ማንሻው በተን፣ ማስተላለፊያው በተን፣ መዝጊያውም በተን። እኔማ መጀመሪያ ስሰማ ስብሰባ የሚበትን የእድር ዳኛ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ የመቅደስ ባልደረባ ቁልፎቹ እንዲያምሩ ብሎ እንደ ሥዕል ስሏቸዋል። ለሚያይ ሰው ያብረቀርቃሉ፤ ለአንባቢው ግን ስም አልተሰጣቸውም።

የፋብሪካው አስተዳደር ክፉ አልነበረም። አስካለን ጠርተው «ደመወዝሽ አይነካም፤ አንቺ አረፍ በይ፣ ስልኩን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አሏት። አረፍ በይ! ሙሉ ዕድሜዋን የሠራችን ሰው እንደ አበባ ማስቀመጫ ጥግ ማስያዝ ደግነት ከተባለ፣ አዎ፣ ደጎች ናቸው።

«አለቃዬ ‹ደንበኛው የቁልፍ ስም አላዘዘም፣ በቀጠሮው እናስረክብ› ይላል» አለች መቅደስ፣ ምግቡን ሳትነካ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አላለቀም አልኩት። አባዬ፣ ግማሹ ሚስማር ራስ ሳይኖረው እየወጣ አንተ ማሽኑን ጠግኛለሁ ትል ነበር?»

አልልም ነበር። መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። ወጥ ጨመርኩላት።

በማግስቱ አለቃዋን «ወይ ጊዜ ይስጡኝ፣ ወይ ከዚህ ሥራ ያውጡኝ» አለችው። ሰውዬው ተቆጣ፣ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፣ በመጨረሻ ጊዜ ሰጣት፤ «ያዘገየሽው አንቺ ነሽ ብዬ ለደንበኛው እናገራለሁ» ብሎ። «ይናገሩ» አለች። ይህች ቤት ውስጥ ድመት የምትፈራ ልጅ!

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም ማውጣት፤ ማውዝ ሳይነካ በኪቦርድ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው በተራ መሄድ እንዲቻል ማድረግ፤ ጥሪ ሲያዝ መያዙን፣ ሲዘጋ መዘጋቱን አንባቢው እንዲናገር ማድረግ። አንድ ቅዳሜ ስክሪኑን አጥፍታ በጆሮዋ ብቻ ስትሞክረው እናቷ አይታ መብራት የሄደ መስሏት «አይዞሽ፣ ይመጣል» አለቻት።

የሠራችውን ይዛ አስካለ ዘንድ ሄደች። አስካለ ትንሽ አዳመጠችና፣

«አንቺ ልጅ፣ ቁልፎችሽ ወሬኛ ሆኑብኝ» አለቻት። መቅደስ ከጥንቃቄዋ ብዛት አንዱን ቁልፍ «ይህን ሲጫኑ ጥሪው ወደ ሌላ ክፍል ይተላለፋል» ብላ ሰይማው ኖሯል። «ይህን ተናግሮ እስኪጨርስ ደዋዩ ያረጃል። ‹አስተላልፍ› በይውና ይብቃው።»

«እሺ፣ እትዬ አስካለ። ሌላስ?»

«መስመሩ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ዝም ይለኛል። ለሌለ ሰው ‹አሁን አገናኝዎታለሁ ጌታዬ› እያልኩ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ እየተነታረኩና እየሳቁ ሰነበቱ፤ አንዷ ትሠራለች፣ ሌላዋ ታርማለች፣ ቁልፎቹም አጫጭር ስም እየያዙ ሄዱ።

የርክክቡ ቀን ኃላፊዎቹ ሁሉ አስካለ ክፍል ተሰበሰቡ። እኔ አልነበርኩም፤ መቅደስ ናት የነገረችኝ። ስልኩ ጮኸ። አስካለ አነሳች፣ ሰላም አለች፣ ጣቷ ሁለት ጊዜ ኪቦርዱን መታ፣ ከዚያ ቆመው ከሚያዩዋት ሰዎች መሀል ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞር ብላ «ጌታዬ፣ ከመጋዘን ነው፤ እዚሁ ላገናኝዎት ወይስ የሉም ልበል?» አለች። ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ወደቀ። «ሌላ ሰው ይይዘዋል» የሚለውን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳው የለም።

የልጄ አለቃ ዛሬ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «እኛ ድሮም ለሚያየውም ለማያየውም የሚሆን ነው የምንሠራው» ይላል አሉ። መቅደስ ስትነግረኝ ተናደድኩ፤ እሷ ግን ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ይበል አባዬ፤ ብሎ ከጀመረ ሊሠራው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዳንድ ውሸት አፍ ላይ ከርሞ ልማድ ይሆናል።

እኔ ግን ልጄ የሠራችውን በጆሮዬ መስማት አማረኝና አንድ ቀን ፋብሪካው ደወልኩ። አስካለ አነሳች።

«ጋሽ ዘነበ! አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ መስመር ላይ አስቀመጠችኝ። ሌላ ጊዜ ስልክ ላይ ሲያስጠብቁኝ ደሜ ይፈላል። ያን ቀን የቱን ቁልፍ ነካች፣ ቁልፉስ ምን ብሎ ነገራት እያልኩ፣ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። ተመለሰች።

«ከማን ጋር ላገናኝዎት?»

«ከማንም። ሥራ ላይ መሆንሽን ልሰማ ነው የደወልኩት።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች አስካለ። «ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ነው። ይዝጉ በሉ።»

ዘጋሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።