ጋሽ ይማም ያስቻሉት የግድያ ችሎት

በየሰፈራችሁ ነፍሰ ገዳይን ፊቱን አይቶ የሚለይ ሰው አታጡም አይደል? የኛ የከሚሴዎቹ ጋሽ ይማም ናቸው።

ባለፈው ፍየል ነጋዴው ሰይድ ወደ ባቲ ገበያ እንደወጣ ቀረና ተገደለ ተባለ። ለቅሶው ላይ ጋሽ ይማም የሰይድ ሸሪክ አሊ ላይ አፈጠጡ።

«ወላሂ፣ ገዳዩ ይሄ ነው! እንባ እንኳ የለውም!»

አሊ ደንግጦ ቢያለቅስ፣ «አያችሁ፣ ጸጸቱ!» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ማስረዳት ያለበት ከሳሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አለመግደሉን እሱ ያስረዳ!»

ጎረምሶቹ አሊን ጨምድደው ሊወስዱት ሲሉ፣ ወይ ጉድ! ሰይድ ራሱ ፍየሎቹን እየነዳ ከች አይልም! «ማን ሞቶ ነው?» ይላል ደግሞ። ድንኳኑ በ«አልሐምዱሊላህ» ተናጋ። ጋሽ ይማም ብቻ ሰይድን ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት።

«አንተስ» አሉት፣ «አለመሞትህን የሚያስረዳልህ ምስክር አለህ?»