የጋሽ አጵሎስ ምላጭ

ሐበሻ ተሰብስቦ በሚኖርበት ግቢ ሁሉ እጁ አርፎ የማይቀመጥ አንድ ሰው አለ። «እኛ ግቢ የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ግቢያችሁን በደንብ አላያችሁትም፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ። ይሄ ሰው የሌላውን ሥራ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላዋውን ይቀበላችኋል፤ ሚስማር ስትመቱ መዶሻውን። ሲጨርስ ምስጋና እንኳ አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ጥፋት ይሄዳል።

እዚህ ስደት አገር፣ የእኛ የዮቪል ሰፈር ግቢ ድርሻ ክቡርነታቸው ጋሽ አጵሎስ ናቸው፦ የዱራሜ ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በዱርንፎንቴን ሰፈር የብርድ ልብስ መጋዘን ጠባቂ፣ የሰው ሥራ ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ። እኔ ደግሞ ከክፍላቸው ጎን ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቀኔን የሚከፍተው የእሳቸው ድምፅ ነው። «ቆዪማ፣ እንዲህ አይደለም!»

ልብስ ሳሰጣ፣ «ቆዪማ ፀጊ፣ እንዲህ አይደለም! ሸሚዝ በእጅጌው አይሰቀልም።» የስፌት መኪናዬን ዘይት ሳጠጣ፣ «ቆዪማ!» አንድ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸሎት ጀምሬያለሁ፤ በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን ብቅ አደረጉና፣ «እንዲህ አይደለም፣ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ግራ ነው» አሉኝ። ሰውየው ጴንጤ ናቸው! የእኔ ምሥራቅ ምን አገባቸው? ተናድጄ በስልኬ ኮምፓስ ባየው፣ ልክ ናቸው። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ምላጫቸው ነው። በወጣትነታቸው አሥራ አንድ ዓመት የቡና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ለጋ ቡና ጫፉ ተቀጭቶ ብዙ ግንድ እንዲያወጣ ይደረግ ነበር አሉ። እሳቸው ታዲያ ከቡናው ከተለዩ ስንት ዘመናቸው፣ ልማዱ ግን አልለቀቃቸውም። በሸሚዝ ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭና አንዲት የአልኮል ብልቃጥ አይጠፋም። «አንድ ጫፍ ያለው ተክል እንደ ብቸኛ ልጅ ነው፤ ይሞላቀቃል» ይላሉ። የጎረቤቱን ቃሪያ ቀጭተዋል። የክሊኒኩን ጽጌረዳ ወረፋ እየጠበቁ ቀጭተዋል። በወተት ጣሳ ያሳደግኳትን በሶብላዬን፣ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ አናቷን አጥታ አገኘኋት። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳቸው። በሶብላዋ በኋላ ቁጥቋጦ አክላ ሰፈሩን ሁሉ እንዳዳረሰች ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። የግቢው ባለቤት ጎጎ ኖምሳ ናቸው። ጎጎ ማለት በዚህ አገር እማማ እንደማለት ነው። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ዘንድሮ ብርዱ እንዳለፈ፣ ፀሐይ በሚመታው አጥር ሥር፣ በአራት የቀለም ባልዲ አራት ችግኝ አቆሙ። «የእኔ ሙቲ» ይሏቸዋል፣ መድኃኒቶቼ ማለታቸው ነው። ቅጠሉን በዘይት ቀቅለው ጉልበታቸውን ያሹበታል። እኔ ያን ጣት ጣት የሚመስል ቅጠል እንዳየሁ አውቄዋለሁ፤ ዮቪል እየኖረ የማያውቀው ማን ነው? እዚህ ዳጋ ይሉታል፣ እኛ ሀሺሽ። አዋቂ ሰው በገዛ ግቢው ለራሱ ጥቂት ቢተክል የዚህ አገር ሕግ አይከለክለውም። ከግቢው ሰው ያላወቁት ጋሽ አጵሎስ ብቻ ነበሩ። ሃያ ዓመት ከመድረክ ሲያወግዙት ኖረው ቅጠሉን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ጎጎ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ውለው ሲመለሱ አራቱም ችግኞች አናት የላቸውም።

«ሃይቦ!» አሉ ጎጎ፤ በዚህ አገር «ኧረ ጉድ!» እንደማለት ነው።

ጩኸቱ ጥጉ ላይ ስፓዛ የሚሉት ኪዮስክ ያለውን ሽኩርን ከሱቁ አስወጣው። ጋሽ አጵሎስ ግን ምላጫቸውን እንደያዙ፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ኮራ ብለው ቀረቡ። «እንዲህ አይደለም ጎጎ፣ አንድ ግንድ ምን ያደርግልዎታል? አምስተኛው አንጓ ላይ ቀጨኋቸው። ታገሡኝ።»

«አጵሎስ፣ የልጆቼን አንገት ቆረጥክ» አሉ ጎጎ በከዘራቸው እየጠቆሙ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅ። ከደረቁ፣ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ።»

ጎጎ ካሉ አሉ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን ተከራይ በራዲዮ ጩኸት አስወጥተውታል። እኔ በልቤ «እሰይ! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አልኩ። የልብስ ማስጫው ገመድ ነፃ ሊወጣ ነው። ምሥራቄን እንደፈለግሁ ላዞር ነው።

ታዲያ በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ባልዲዎቹ ፊት ቁጢጥ ብዬ ምን ልፈልግ ነው? እኔንም ገረመኝ። አናቱ የተቆረጠ ችግኝ ምን ይሆናል? ይሞታል? ከየት ያወጣል? የማወቅ ጉጉት እንደ ቁንጫ ነው፣ አንዴ ከገባ እንቅልፍ የለም።

«ቆዪማ፣ እንዲህ አይደለም» አለ ድምፅ ከኋላዬ። «ቁስሉን ምን ታዪያለሽ? ከሥሩ የቅጠሎቹን ብብት እዪ።» አጠገቤ ተቀመጡና አስረዱኝ። «ጫፉ ሹም ነው። እሱ ቆሞ እያለ ከታች ያሉት ቀና አይሉም። እሱ ሲነሳ በግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ እኩል ይነሣሉ። ደካማ ችግኝ ግን አይነካም፤ ቁስሉን አይችለውም።»

በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይዟል፣ ሌላ ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ የመርፌ ራስ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። «በስመአብ!» ብዬ ሮጬ ገባሁና የስፌት ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ለካሁ። የደንበኞቼን ወገብ እንደዚያ ተጠንቅቄ ለክቼ አላውቅም። አራተኛው ባልዲ ብቻ ቅጠሉ ገርጥቶ ሐሳብ ላይ ጣለኝ። ውሃ ላጠጣው ስል፣ «ቆዪማ፣ ውሃ በዝቶበት ነው» አሉ። ባልዲውን ቀስ ብዬ ፀሐዩ ወደሚቆይበት አስጠጋሁት። ከደረቀ ጋሽ አጵሎስ ይሄዳሉ፤ መሄዳቸውን ደግሞ ፈልጌው ነበር። ታዲያ ባልዲውን ለምን እገፋለሁ? ይሄን ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ጎጎ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ፣ ጎንበስ አሉና ቆጠሩ። በየባልዲው ሁለት ሁለት ግንድ፣ የገረጣውም ጭምር። ደግመው ቆጠሩ።

«ስምንት?»

«ስምንት» አሉ ጋሽ አጵሎስ። «ገና ነው። እነዚህም ሲጠነክሩ ይቀጫሉ፤ አሥራ ስድስት ይሆናሉ።»

ጎጎ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጋሽ አጵሎስ «ፕሮፌሰር» ሆኑ። ሰፈርተኛው በአጥር ላይ እየተንጠለጠለ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም «ለጉልበት የሚሆን ተክል» እያሉ ያብራራሉ። ሰዉ ከንፈሩን ይነክሳል። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? እኔ ምን ቆርጦኝ!

ሽኩርን ግን ምላሱ አያስቀምጠውም። ያሳጠርኩለትን ሱሪ ሊወስድ መጣና በር ላይ አገኛቸው። «ጋሽ አጵሎስ፣ በዚህ ዕድሜዎ የዳጋ ሐኪም ሆኑ አይደል?» አላቸው እየሳቀ።

«የምን?»

«የዳጋ ነዋ! የሀሺሽ!»

ጋሽ አጵሎስ ባልዲዎቹን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። «ፀጊ፣ ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አቀርቅሬ የመኪናዬን ፔዳል አየሁ።

ሁለት ቀን ማንንም አላረሙም። ሸሚዙን ሁሉ ሆን ብዬ በእጅጌው ሰቀልኩት፤ በሥሩ ጎንበስ ብለው አለፉ። መኪናዬን ዘይት አርከፈከፍኩባት፣ ዝም። ክፍሌ ውስጥ የገዛ እጄ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣቸውን በረንዳ ላይ አየሁት። ዱርንፎንቴን ክፍል አግኝተዋል። ጎጎ፣ «ለጉልበቴ እኮ ነው ፕሮፌሰር! ማን አስወጣህ?» እያሉ ይለማመጣሉ።

«ጉልበትዎን ጌታ ይማርልዎ» አሉ ጋሽ አጵሎስ ረጋ ብለው። «እኔ ግን በአፌ የረገምኩትን በእጄ አሳድጌ፣ ነገ ምእመኑ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

እሳቸው ከሄዱ እኔ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ማን ነው ሥራዬን ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ «እንዲህ አይደለም» የሚለኝ? በዚህ ሁሉ ከተማ ሸሚዜ በእጅጌው ተሰቀለ በአንገቱ ግድ የሚለው ሌላ ሰው የለም።

ገባሁና ዘንድሮ የዘራኋትን በሶብላ ከነጣሳዋ ይዤ ወጣሁ። ስድስት አንጓ አውጥታለች፣ አናቷ አልተነካም። ሻንጣቸው ላይ አስቀመጥኳት።

«ይቺስ ጋሽ አጵሎስ? ይቺ እንኳ የምትወገዝ አይደለችም፣ ለበርበሬ ነች» አልኩና ያን ትልቁን የጨርቅ መቀሴን አውጥቼ ከሥሯ፣ አፈሩ አጠገብ ደገንኩት። ወር ሙሉ አጥንቼ የት እንደሚቆረጥ አሳምሬ አውቃለሁ። «እዚህ ጋ ነው አይደል?»

በሩን አዩ። ሻንጣውን አዩ። መቀሱን አዩ። እጃቸው ወደ ሸሚዝ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁት፤ የተቆጣጠሩት አይመስለኝም።

«ቆዪማ!» ብለው ጮኹ። «ኧረ ቆዪማ አንቺ ልጅ! እንዲህ አይደለም!»

ሻንጣው ሲመሽ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አሁን የጎጎን ችግኝ በእጃቸው አይነኩም። ጎጎ ምላጭ ይዘው ባልዲው ጋ ሲጎነበሱ፣ ጋሽ አጵሎስ ጀርባቸውን ሰጥተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ። በመሃል ለማንም ሳይሆን፣ ለአየሩ፣ «ከአንጓው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ነው» ይላሉ። ግንዱ አሥራ ስድስት ሞልቷል።

እኔም ሸሚዝ አሁንም በእጅጌው እሰቅላለሁ። ሆን ብዬ።